ስኳር የባለጸጋ ሕመም ብቻ አይደለም፦ ስለ ሆርሞኖች፣ ስለ ኢንሱሊንና ስለ አጥቢያችን ድርሻ



በዚህ ዕትም የጤና ትምህርት ዐምዳችን ስለ ሆርሞኖች ሥራና በተለይም ስለ ስኳር ሕመም እንማራለን። ርእሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ አጥቢያዎች ስኳር የከተሜ፣ የባለጸጋና የወፍራም ሰው በሽታ ተደርጎ ይታሰባል። በዚህም ምክንያት ገብስ አርሶ የሚያድር አንድ ከሲታ ገበሬ ውኃ ውኃ ሲያሰኘው፣ ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለስና ሥጋው ከአጥንቱ ሲለይ ስኳር ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይገኝም። ቤተ ሰቡ ምች ነው፣ የሰው ዐይን ነው፣ የሆድ ትል ነው እያለ ይቆያል። በሽተኛው ወደ ጤና ተቋም የሚደርሰውም አንዳንዴ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ሲሆን ነው።

ሕመሙ ግን በጊዜ ከታወቀ ሰውየው አርሶ፣ ወልዶ፣ ቀድሶና አስቀድሶ የሚኖርበት ሕመም ነው። በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በጎረቤት፣ በንስሐ አባትና በሰበካ ጉባኤ እጅ ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት በጉባኤያችሁ አንብባችሁ እንድትወያዩበት አዘጋጅተነዋል።

ሆርሞን ምንድን ነው?

እግዚአብሔር ሰውነታችንን ሲፈጥር ብልቶቻችን እርስ በርስ የሚላላኩባቸውን ሁለት መንገዶች ሰጥቶናል። አንደኛው ነርቭ ነው፤ እጃችን እሳት ሲነካ ወዲያው የሚሸሸው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ዝግ ብሎ የሚሠራ ሲሆን መልእክቱ በደም ይጓዛል። ልዩ ልዩ ዕጢዎች ሆርሞን የተባለ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ደሙም ወደ መላው አካል ያደርሰዋል። መልእክቱ የሚመለከተው ብልት ተቀብሎ ይታዘዛል፤ የማይመለከተው ያልፈዋል።

ከእነዚህ ዕጢዎች አንዱ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ነው። መጠኑ ከአተር ፍሬ ባይበልጥም ሌሎችን ዕጢዎች ያዝዛል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች በድንጋጤና በሕመም ጊዜ ሰውነትን ያነቃሉ። የወንድና የሴት የመራቢያ ዕጢዎች ለዕድገትና ለልጅ መውለድ የሚያስፈልጉትን ሆርሞኖች ያመነጫሉ። በአንገት ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ደግሞ የሰውነትን የሥራ ፍጥነት ይወስናል።

ይህን የመጨረሻውን የሀገራችን ደገኛ ሳይማር ያውቀዋል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። በተራራማ ስፍራ ግን ለብዙ ዘመን የዘነበው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። ዕጢው የሚፈልገውን ሲያጣ እየለፋ ያብጣል፤ እርሱም እንቅርት የምንለው ነው። "እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው ተረት ሕመሙ በሕዝባችን ዘንድ ምን ያህል የታወቀ እንደ ነበር ያሳያል። በእርጉዝ እናት ላይ የአዮዲን እጥረት ሲደርስ የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አዮዲን የተጨመረበትን ጨው መጠቀም፣ ጨውን ከፀሐይና ከእርጥበት መጠበቅ፣ ወጡ ከበሰለ በኋላም መጨመር። የእንቅርት ነገር አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። የሆርሞን ሕመም ከጥጋብ ብቻ አይመጣም፤ ከማጣትም ይመጣል። ስኳርም እንዲሁ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

ቆሽትና ኢንሱሊን

ከጨጓራ በስተ ኋላ ቆሽት የተባለ ብልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1869 ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ በቆሽት ውስጥ በውኃ ላይ እንዳሉ ደሴቶች ተበታትነው የሚገኙ ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦችን አየ። እነዚህ ደሴቶች ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን የሚሠሩ መሆናቸው የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የበላነው እንጀራ፣ ቂጣ፣ በሶና ድንች በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። ግሉኮስ ለሰውነት እንደ ማገዶ ነው። ሆኖም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት በሚገባ እንዲገባ የኢንሱሊን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን ለሕዋሱ በሩን ያስከፍታል፤ ጉበትንም ትርፉን ስኳር ለነገ እንዲያከማች ያዝዛል። ስንጾም ወይም ስንራብ ደግሞ ከዚያው ከቆሽት የሚወጣ ግሉካጎን የተባለ ሌላ ሆርሞን ጉበት ያከማቸውን መልሶ እንዲያወጣ ያደርጋል። ጤነኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ሳይወድቅ የሚቆመው በዚህ ሥርዓት ነው።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሥራው ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሕዋሳቱ ግን ይራባሉ። ነገሩ እህሉ በደጅ ተከምሮ ቤተ ሰቡ በር ተዘግቶበት እንደሚራብ ነው። በደም ያለው ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም ያህል ሲደርስ ኩላሊት ሊመልሰው አይችልምና ከሽንት ጋር መፍሰስ ይጀምራል። ስኳሩ ሲወጣ ውኃ አስከትሎ ይወጣል። ሽንቱ ይበዛል፤ ሽንት ሲበዛ ጥማት ይመጣል። ማገዶ ያጣው ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ ስለሚያነድ ሰውየው እየበላ ይከሳል። ሦስቱ ዋና ምልክቶች፣ ማለትም ጥማት፣ የሽንት ብዛትና ክሳት፣ ከዚህ አንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ቆሽቱ ኢንሱሊን መሥራት ያቆመ ልጅ በጥቂት ወራት ወይም ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት ለማውጣት ቻሉ። በጥር ወር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ወሰደውና ከሞት ተረፈ። ኢንሱሊን እንደ ክኒን የማይዋጠው ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ምግብ ስለሚፈጩት ነው። "መርፌ ከተጀመረ ሱስ ይሆናል" እየተባለ የሚነገረው ስሕተት ነው። መርፌው ሰውነት ያጣውን ይተካል እንጂ ሱስ አይሆንም።

የሕመሙ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት የሚባለው ሰውነት የራሱን የኢንሱሊን ደሴቶች ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። በአብዛኛው በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፤ ያለ ኢንሱሊንም አይኖሩበትም። ሁለተኛው ዓይነት በዓለም ላይ እጅግ የሚበዛው ነው። ኢንሱሊን አለ፤ ሕዋሳቱ ግን በሚገባ አይታዘዙለትም። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ የእንቅስቃሴ ማነስና የዘር ውርስ ያግዙታል፤ በአመጋገብ፣ በእንቅስቃሴና በክኒን ይያዛል፤ አንዳንዱም በጊዜ ብዛት ኢንሱሊን ይፈልጋል። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣም አለ፤ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትላቸውን እንዳያቋርጡ የምንመክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በምግብ እጥረት ካደጉ ሰዎች መካከል የሚታይ ዓይነት አለ። የእኛን አካባቢ በቀጥታ የሚመለከተው እርሱ ነውና ቆም ብለን እንየው።

የጎንደር ገጠር ለዓለም ያሳየው

የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና መኮንኖችን ለገጠር ለማሠልጠን የተቋቋመ ነው። ሐኪሞቹ ከጊዜ በኋላ አንድ ችግር አስተዋሉ። የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ታካሚዎች መድኃኒት ለመውሰድ ከሩቅ ገጠር በእግርና በመኪና እየተጓዙ እስከ ጎንደር ይመጣሉ፤ በመኸርና በክረምት ደግሞ ይቀራሉ፤ ከቀሩት አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ስለዚህ ክትትሉ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድና በሠለጠኑ ነርሶች እንዲካሄድ ተደረገ። ሕክምናው ወደ ሕዝቡ ሲቀርብ ከዚያ በፊት በከተማ ሆስፒታል ያልታዩ ሕመምተኞች ታዩ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ዲያቤቶሎጂያ በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ያዩትን አሳተሙ። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ ወንዶች፣ ከሲታዎችና ድሆች ነበሩ፤ ከዚያው አካባቢ ከሆኑ ጤነኞች ጋር ሲነጻጸሩም የድህነት ምልክት ጎልቶባቸው ተገኘ። ጸሐፊዎቹም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ሊከፈት ይገባው እንደ ሆነ በጽሑፋቸው ርእስ ጠየቁ።

እንደገና ያሉበት ምክንያት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዓይነት ራሱን ችሎ መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ከምደባው ወጣ። እንዲህ ሆኖ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ "አምስተኛው ዓይነት" ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በዚህ ዓይነት ቆሽት በቂ ኢንሱሊን አያመነጭም፤ ምክንያቱ ግን እንደ መጀመሪያው ዓይነት ሰውነት ራሱን ማጥቃቱ አይደለም። የሚጠረጠረው በማኅፀንና በልጅነት የደረሰ ረኀብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሆላንድ በደረሰው ረኀብ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ ሰውነታቸው ስኳርን በሚገባ መያዝ እንደሚያቅተው ታይቷል። ረኀብ በየጊዜው ለጎበኛት ሀገራችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ እርጉዝን እናትና ሕፃንን መመገብ ነገ የስኳር ሕመምን መከላከል ሊሆን ይችላልና።

ስለ ብዛቱም አንድ ነገር እንጨምር። በጎንደር ከተማና በዳባት ወረዳ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ነዋሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በከተማ ከመቶ 5.1፣ በገጠር ከመቶ 2.1 የሚሆኑት ስኳር ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹም እስኪመረመሩ ድረስ አያውቁም ነበር። በዚህ ስሌት በዚያ ዕድሜ ያሉ 500 ምእመናን ያሉት የገጠር አጥቢያ 10 ያህል ሕሙማን ሊኖሩት ይችላሉ። በየሰበካችሁ ስንቱን ታውቃላችሁ?

በአጥቢያ እንዴት ይጠረጠራል?

ጥማት፣ የሽንት ብዛትና ክሳት አንድ ላይ ከታዩ ሰውየው ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ልጅም ይሁን ሽማግሌ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። የዐይን መደብዘዝ፣ የማይድን ቁስል፣ የእግር መደንዘዝ፣ በሽንት ቦታ ጉንዳን መሰብሰብና ሌሊት የማይሸና የነበረ ልጅ መኝታውን ማርጠብ መጀመሩም ይጨመሩ። ምርመራው አንዲት ጠብታ የጣት ደም ብቻ ይጠይቃል። ምልክቱ ባለበት ሰው በማናቸውም ሰዓት የተለካ ስኳር 200 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጠዋት ሲለካ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ስኳር ነው ይላል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ደግሞ ይለካል።

በዚህ ላይ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን እናስባለን። የቆሎ ተማሪው ከቤተ ሰቡ ርቆ በጎጆ ያድራል፤ የሚበላውም ለምኖ ያገኘው ነው። ቢከሳ "ትምህርቱ ነው"፣ ቢደክም "ሌሊት ቆሞ አድሮ ነው" ይባላል። የሚያየው እናት የለውም። የኔታ ደቀ መዝሙሩ ሌሊት ብዙ ጊዜ ለሽንት ሲወጣና ቅል ሙሉ ውኃ ሲጨርስ ካዩ ጉዳዩን ለሰበካ ጉባኤው ያሳውቁ፤ ሰበካ ጉባኤውም አንድ ሰው መድቦ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው። ይህን ያህል ትንሽ ሥራ ነፍስ ያድናል።

ጸበልና መድኃኒት

ሕሙማን ወደ ጸበል መሄዳቸው የእምነታችን ፍሬ ነው፤ የሚከለከልም አይደለም። አደጋው የሚመጣው ጸበል የጀመረ ሰው ኢንሱሊኑን ሲያቆም ነው። ቆሽቱ ፈጽሞ ኢንሱሊን የማይሠራ ሰው መርፌውን ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ይመረዛል። ያስታውከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ዓይነት ሽታ ያመጣል፣ ከዚያም ራሱን ይስታል። በጸበል ቦታ ይህ "መንፈሱ ሊወጣ ነው" ተብሎ ሊታይ ይችላል። በምግብ እጥረት የመጣው ዓይነት ያለበት ሰው እንዲህ ቶሎ ላይወድቅ ይችላል፤ ያም "ድኛለሁ" ያሰኘዋል። ስኳሩ ግን በስውር ዐይኑን፣ ኩላሊቱንና ነርቮቹን ይጎዳል። ማን የትኛው ዓይነት እንዳለበት በዐይን አይታወቅምና ኢንሱሊን የታዘዘለት ሁሉ ያለ ሐኪም ቃል አያቁም።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ የምትሄድበት መንገድ አላት። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር ሊወስዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዝዘናል። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን የተሰጠው ትምህርት ለስኳር ሕሙማንም ይሠራል። አጥማቂ አባቶች ለእያንዳንዱ ተጠማቂ "የምትወስደው መድኃኒት አለ?" ብለው ይጠይቁ፤ ያለውንም "ይዘህ ና፣ በሰዓቱ ውሰድ፣ ሳትበላ አትዋል" ይበሉት። ይህ ቃል ከነርሷ አንደበት ይልቅ ከካህኑ አንደበት ሲወጣ ይበልጥ ይሰማል።

ጾምን በተመለከተ

ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በርኅራኄ ታያለች፤ የጾም ሥርዓታችን ሰውን ለማዳን የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሕሙማን ከኅሊናቸው ወቀሳና ከጎረቤት አፍ የተነሣ ለማንም ሳይናገሩ መርፌውን ወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይውላሉ። ኢንሱሊን ገብቶ ምግብ ካልተከተለ በደም ያለው ስኳር ይወርዳል። በሌላ በኩል መርፌውን ትቶ የሚጾመው ስኳሩ ይወጣል። ሁለቱም ለሞት ያደርሳሉ።

ስለዚህ የንስሐ አባቶችን የምንለምነው ይህን ነው። ከዐቢይ ጾም፣ ከፍልሰታና ከሌሎቹም አጽዋማት መግባት በፊት የስኳር ሕሙማን የንስሐ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አነጋግሩ። ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሕፃን፣ ኩላሊቱ የታመመ ወይም ስኳሩ ከዚህ በፊት ወርዶ ራሱን የሳተ ሰው ሰዓት መጾም የለበትም። ክኒን ብቻ የሚወስደው ሐኪሙን ጠይቆ ይወስን። ከምግብ ዓይነት መጾም፣ ማለትም ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ መተው፣ ለአብዛኞቹ አይጎዳም፤ ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ጎመን መልካም ምግብ ናቸው። ከቅዱስ ቁርባን በፊት ስላለው ጾም የሚወስኑት አባቶች ናቸው። እኛ የምንጠይቀው ውሳኔው የሐኪሙን ቃል ሰምቶ እንዲሆንና ሕመምተኛው አፍሮ እንዳይደበቅ ብቻ ነው።

ስኳር የወረደበትን ሰው መርዳት

ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በታች የወረደ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፤ ከዚያም ይዘባርቃል፣ ይቆጣል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። በቅዳሴ መካከል ወይም በማኅሌት ሌሊት ሊደርስ ይችላል። የሚሰማ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ትንታ ይገድለዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። መለኪያ በሌለበት ስኳሩ ወጥቶ ይሁን ወርዶ ካልታወቀ የሚሰማውን ሰው ጣፋጭ መስጠቱ ይሻላል፤ የወረደ ስኳር በደቂቃዎች ሊገድል ይችላልና።

ጠላና አረቄም መነሣት አለባቸው። አልኮል ጉበትን ያከማቸውን ስኳር እንዳያወጣ ያግደዋል። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው በሰንበቴና በዝክር ባዶ ሆዱን ቢጠጣ ሌሊት ተኝቶ እንዳለ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ "ሰክሮ ነው" ተብሎ ይተዋል፤ ሳይነቃም ይቀራል። የጽዋ ማኅበራት ጠጪውን ከማስገደድ እንዲታቀቡ እንመክራለን።

ኢንሱሊን በደጋና በቆላ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። አገልግሎት ላይ ያለው ጠርሙስ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ሙቀትና ውርጭ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ጥላ ያለበት ቤት ሙቀቱን ይከላከላል፤ ነገር ግን ከዚያ በላይ ባሉት በስሜን ቀበሌዎች ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ዋጋ የለውም፤ መጣል አለበት። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልሎ በቤት ውስጥ፣ ከምድጃም ከውጭ ግድግዳም አርቆ ማስቀመጥ ይገባል። ሊማሊሞን ወርደው በአዲ አርቃይ በኩል ባሉት ሞቃት ቀበሌዎች ደግሞ ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጦ በመካከሉ አሸዋ ሞልቶ ማርጠብ፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ይረዳል። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ጠርሙሱ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ከእርጥበት ይጠበቅ።

እግር

ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእግርን ስሜት ይሰርቃል። በደጋችን ብርድ ሰው እግሩን ወደ እሳት ይዘረጋል፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይታወቀውም። እሾህም ወግቶት ሰንብቶ ይመረቅዛል። ሕመምተኛው በየማታው እግሩን በብርሃን ይይ፤ ማየት ካልቻለ ልጁ ይየው። በባዶ እግሩ አይሂድ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ቢያወልቅም ንጹሕ ካልሲ ያድርግ፤ በቅጥሩ ውስጥም እስከ ደጀ ሰላሙ ጫማውን አድርጎ እንዲመጣ አይከልከል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

አንደኛ፣ በአጥቢያው ያሉ የስኳር ሕሙማንን በፈቃዳቸው ይወቅ፤ ምሥጢራቸውንም ይጠብቅ። ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን በዓመት ሁለት ጊዜ በሰንበት ጉባኤ ላይ ጋብዞ ምልክቶቹን ታስተምር። ሦስተኛ፣ ለድሆች ሕሙማን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ ከሙዳየ ምጽዋት ወይም ከጽዋ ማኅበር ይሸፈን። አራተኛ፣ መንገድ በዝናብ ወይም በጸጥታ ችግር ሊዘጋ እንደሚችል ሲታሰብ ሕሙማን አስቀድመው ከጤና ተቋማቸው የመጠባበቂያ ኢንሱሊንና መርፌ እንዲጠይቁ ያሳስብ፤ ለጉዞ አቅም የሌለውንም አንድ ጎልማሳ ሄዶ እንዲያመጣለት ያድርግ። አምስተኛ፣ በቤተ ልሔሙ ወይም በዕቃ ቤቱ አንድ ብልቃጥ ስኳር ወይም ማር ለድንገተኛ ጊዜ ይቀመጥ። ስድስተኛ፣ በዓመት ዕቅዱ ውስጥ እርጉዞችንና የቆሎ ተማሪዎችን መመገብን ያስገባ።

የመወያያ ጥያቄዎች

፩. በአጥቢያችን ባለፉት ዓመታት ከስተው፣ ውኃ ጠምቷቸውና ሳይመረመሩ ያረፉ ሰዎች አሉን? ዛሬ ቢሆን ምን እናደርግ ነበር?

፪. በአቅራቢያችን ባለው የጸበል ቦታ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ምን ይባላሉ? ከአጥማቂ አባቶች ጋር ማን ይነጋገር?

፫. በአብነት ትምህርት ቤታችን ተማሪ ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ማን ነው? ወጪውስ ከየት ይወጣል?

፬. ከሚመጣው ጾም በፊት የትኞቹን ምእመናን ማነጋገር አለብን?

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚፈጽመውን ሰው ስምና ቀኑን በቃለ ጉባኤ መዝግባችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ተጠያየቁ። ሕሙማንን መጎብኘት ጌታችን በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን አንዱ ነውና፣ በደጃችን ያለው ጥሙ የበዛ ከሲታ ወንድማችን ሳይታይ እንዳያልፍ እግዚአብሔር ይርዳን።